ከራሴ ስሰርቅ እጅ ከፍንጅ ለያዙኝ ክቡር ሰብሳቢ

ይድረስ ለተከበሩ የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍል የኩረጃ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፦

በቅድሚያ ከመላው የኮሚቴ አባላትዎ ጋር ጤናዎ ተጠብቆ፣ ወገብዎ ተሽሎት፣ የቢሮዎ ተሽከርካሪ ወንበር ተጠግኖ ይህ ደብዳቤ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ጉዳዬን በተመለከቱበት ዕለት ወንበሩ በተደገፉት ቁጥር ወደ አንድ ጎን እየሰገደ ሲያስቸግርዎ አይቼ፣ ፍትሕ ራሷ የተንጋደደች መስሎኝ ለአፍታ ተሳስቼ ነበር፤ ለካ ብሎን ላልቶ ነው። እኔ፣ እርስዎ ባይጠይቁኝም፣ ከመመረቂያ ወረቀቴ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ።

በስሜ ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ ስሜ ለጉዳያችን ከመጀመሪያውም ብዙ አልጠቀመም። ከራሷ ጽሑፍ ሰርቃ የተያዘችው ተማሪ ነኝ ብል ግን በዚያ ሕንፃ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ለይተው እንደሚያውቁኝ አልጠራጠርም። አቤቱታ የሚላከው በዝግ ፖስታ መሆኑን አላጣሁትም። በዝግ ፖስታ የላክኋቸው ሁሉ ግን እንደተዘጉ ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ ጥግ ተደርድረው ስላየኋቸው፣ ፖስታ የመክፈት ድካምዎን ላቅልልዎ ብዬ ይህኛውን ራሴ ከፍቼ በአደባባይ አቀረብኩት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ትምህርት ክፍላችን ፕሮግራሚንግን በጠመኔ የሚያስተምር ብርቅ ክፍል ነው። መምህሩ ኮዱን ሰሌዳ ላይ ይጽፉታል፣ እኛ ደብተራችን ላይ እንገለብጠዋለን (ያኔ መገልበጥ ክልክል አልነበረም)፣ ፈተና ላይ ደግሞ በእስክሪብቶ እንመልሰዋለን። የኮምፒውተር ክፍሉ ኮምፒውተሮቹ እንዳይበላሹ ተቆልፎ ይኖር ነበር፤ እውነትም አንድም አልተበላሸ። መንፈቅ ሙሉ ያጠናነው ኮድ አንዲት ቅንፍ እንደጎደለችውና በየትኛውም ማሽን ላይ እንደማይሠራ ያወቅሁት፣ ከአክስቴ ልጅ የወረስኩትን ላፕቶፕ ከፍቼ ፊደል በፊደል ስጽፈው ነው። ከዚያ ወዲህ ለብቻዬ መማር ጀመርኩ። የገባኝንም የተሳሳትኩትንም፣ እንደኔ የጠመኔ አቧራ የጠጡ ልጆች ይጠቀሙበት ብዬ፣ ኢንተርኔት ላይ አንዲት ገጽ ከፍቼ ማስቀመጥ ያዝኩ።

የገጿ ስም «አባዬ አልገባውም» ነበር። ባለቤቷም «የፀጉር አስተካካዩ ልጅ» ተብላ ትጠራለች። አባቴ ፀጉር አስተካካይ ስለነበረና በእርግጥም ስላልገባው ነው እንጂ በዚህ ስም ውስጥ ኮሚቴውን ለማሳሳት የታቀደ ሤራ አልነበረም። እኩለ ቀን ላይ ደንበኛ ሲሳሳ እኔ ላፕቶፔን ታቅፌ የደንበኛው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ እሱ ቶንዶሱን ዘይት እየቀባ ወይም መስታወቱን እየወለወለ ይጠይቀኛል፤ እኔ አስረዳዋለሁ፤ ስልኬ ድምፃችንን ይቀዳል። ስልኬም ላፕቶፔም ቦታ የጠበባቸው ስለነበሩ፣ ቅጂው ገጹ ላይ ከወጣ በኋላ ለሚቀጥለው እንዲለቅ ከእነሱ ላይ አጠፋው ነበር። ሕጋችን አንድ ነው፤ አባዬ «አልገባኝም» ባለ ቁጥር ሌላ መንገድ ፈልጌ እንደገና አስረዳለሁ። እሱ ጨርሶ ሳይገባው ቀረ፤ የገባቸው ልጆች ግን ከየአቅጣጫው ይጽፉልን ነበር።

ክቡር ሆይ፣ አባቴ የተደበቀ ሊቅ እንዳልነበረ በታላቅ አክብሮት አረጋግጥልዎታለሁ። ኮዴ ተሳስቶ ኮምፒውተሩ በቀይ ሲጽፍብኝ «ምን በድለሽው ነው እንዲህ የሚሰድብሽ?» ይልና በፎጣው ጫፍ ስክሪኑን ገረፍ ያደርገዋል። ሦስት መላጣ ተከታትሎ ከመጣ ቀጣዩ ጎፈሬ መሆኑን በሙሉ ልቡ ያምን ነበር። አንዱ መላጣ ስለሌላው መላጣ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ላስረዳው ሦስት ጊዜ ቀድተናል፤ በሦስቱም ላይ «አንቺ ቁጥር እንጂ መላጣ አታውቂም» ብሎ ዘግቶታል።

ከሁሉም የታወቀችው ቅጂያችን ግን ስለ ትራሱ የምታወራው ነበረች። በመጠይቅ ሥራ ዕድሜውን መናገር ያልፈለገ ሰው ሲገጥመን ባዶ እንዳንተወው 99 ብለን እንሞላለን፤ ይህን ደንብ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ፀጉር ቤት ወረፋ ነበርና፣ 99 ማለት «አልተናገረም» ማለት እንደሆነ ለኮምፒውተሩ መንገር ረስቼ የደንበኞቻችንን አማካይ ዕድሜ አወጣሁ። የአባቴ ደንበኞች በአንድ ጀምበር ጡረታ ወጡ። አባቴ ቁጥሩን ሲሰማ አዘነ። «ለካ ሽማግሌ ስላጭ ነው የኖርኩት!» አለና በማግስቱ የወረፋው አግዳሚ ላይ ትራስ አነጠፈ፤ ለደንበኛውም ሁሉ ጮክ ብሎ ማውራት ጀመረ፤ ገና ጢም ያላበቀለውን ጎረምሳ ሳይቀር ክንዱን ይዞ ከወንበር አወረደው። ስህተቴን ደርሼበት በሌላ ቅጂ ላይ እየሳቅሁ ስናዘዝ፣ ትራሱን እንዲያነሳው ብለምነው «ቢሆንስ፣ ማርጀታቸው ይቀራል እንዴ?» ብሎ ተወው።

አባቴ የመጨረሻውን ምዕራፍ እየጻፍኩ ሳለ ታሞ አረፈ። በሽታው ጊዜ አልሰጠንም። ፎቶው አለን፤ ድምፁ ግን፣ እንደ ብዙ አባቶች ድምፅ፣ ማንም ይቅረጸው ብሎ ያላሰበው ድምፅ ነበርና ከእነዚያ ቅጂዎች በቀር የትም አልነበረም። በሕይወት ሳለ «ሁለታችሁም ለይቶላችኋል» እያለች ትስቅብን የነበረችው እናቴ፣ ከሐዘኑ በኋላ ስልኳ ላይ ገጿን ክፈቺልኝ አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጣጠፈች ታዳምጠዋለች። የእኔን ማብራሪያ በጣቷ ማለፍ በራሷ ተማረች፤ እኔ ስጀምር ትገፋኛለች፣ እሱ «ቆይ ቆይ» ሲል ትለቀዋለች። ስለ ናሙና አወሳሰድ ያዘጋጀሁት ምርጥ ትምህርት በእናቴ ስልክ ላይ «ቆይ ቆይ» እና «አልገባኝም» ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ከዚያ የተሻለ ተማሪ አላጋጠመኝም።

እንግዲህ ምስጋና ያዘለውን አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ የቁጥር ተማሪ ነኝና።

አንደኛ። የኩረጃ መፈተሻ ሶፍትዌርዎ የመመረቂያ ጽሑፌን ከገጼ ጋር አስተያይቶ አብዛኛው ክፍል አንድ ሆኖ ስላገኘው በትጋቱ አመሰግናለሁ። ጽሑፉን እየሠራሁ እግረ መንገዴን በየደረጃው ገጹ ላይ አወጣው ስለነበር አንድ ባይሆን ነበር የሚገርመኝ። ከአባላቱ አንዱ በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ የ99ኙን ስህተቴን የተናዘዝኩበትን ገጽ ከፍ አድርገው «ስህተቱ እንኳ ሳይቀር ያው ነው!» ሲሉ ክፍሉ ውስጥ የተሰማውን የእርካታ ትንፋሽ አልረሳውም። ሁለት ነገር ስለተመሳሰለ አንዱ ሌላውን አስከተለ እንዳንል፣ ከሁለቱ ጀርባ የቆመ ሦስተኛ ምክንያት መኖሩን እንድንፈትሽ ያስተማሩን እርስዎ ነበሩ። ሦስተኛው ምክንያት ፊት ለፊትዎ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር፤ እኔ ነበርኩ።

ሁለተኛ። የገጹ ባለቤት እኔ ነኝ ብል ባለቤቷ «የፀጉር አስተካካዩ ልጅ» እንደሆነች፣ በመዝገብ ቤት ደግሞ በዚህ ስም የተመዘገበ ተማሪ እንደሌለ በትዕግሥት አስረዱኝ። መፍትሔም አላጣችሁም፤ ከባለቤቷ የፈቃድ ደብዳቤ እንዳመጣ ታዘዝኩ። አመጣሁ። ለራሴ ጽፌ፣ ራሴን ፈቅጄ፣ ለራሴ መልካም ምኞቴን ገልጬ አመጣሁ። የፈቃጇና የተፈቃጇ ፊርማ «በሚያጠራጥር ደረጃ ይመሳሰላል» ተብሎ ውድቅ ሆነ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እናንተ ግን ማንንም አልናቃችሁም፣ ባለቤት የለም ብላችሁ ነው አጥሩን የነቀላችሁት።

ሦስተኛ። እዚህ ላይ ብዕሬ ቢያንገራግር ይታገሱኝ።

ገጿ ከጠፋች ሶፍትዌሩ የሚያመሳስለው ነገር ያጣል፤ የሚያመሳስለው ካጣ ጽሑፌ ንጹሕ ይሆናል፤ ንጹሕ ከሆነ እመረቃለሁ። ይህን መላ የዘየዱልኝ እርስዎ ነዎት፤ ባልጠፋ ቃል «ለልጅቷ እንዘንላት» ማለትዎን ሰምቻለሁ። ገጿ ላይ የሟች አባቴ ድምፅ እንዳለ፣ ሌላም ቦታ እንደሌለ ተናገርኩ። ቅጂ የማወርድበት ጥቂት ቀን ለመንኩ። እርስዎም ቅጂው ካለ ምንጩ አለ ማለት እንደሆነ፣ ምንጩ ካለም ኮሚቴው የደከመው በከንቱ እንደሚሆን ገለጹልኝ። እንዲያውም ማጥፋቱ በኮሚቴው ፊት፣ በጸሐፊዎ ኮምፒውተር ላይ፣ በዚያው ስብሰባ እንዲፈጸም ተወሰነ፤ የተመራቂዎች ስም ዝርዝር የሚዘጋው በዚያ ዕለት ነበርና።

እናቴ ለምርቃቴ ቀሚስ አስለክታ ነበር። አባቴም ከመሞቱ በፊት ለየደንበኛው ልጄ ልትመረቅ ነው ብሎ ጨርሷል። እነዚህን ሁለት ነገሮች እያሰብኩ የጸሐፊዋ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሩ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ቀና ብዬ እርስዎን አየሁ፤ የስታቲስቲክስ ሰው መቼም ቢሆን እርግጠኛ ነኝ አይልም ብለው አንድ ዓመት ያስተማሩኝ መምህሬ ራስዎን ነቀነቁልኝ። ተጫንኩት። ክቡር ሆይ፣ እጅዎ አልነካበትም፤ እጁ የእኔ ነው፤ በዚህ ማንም አይከሰስልኝም፤ ሲነጋም ሲመሽም የማየው ጣቴን ነው።

አራተኛ። ጽሑፌ እንደገና ተፈተሸ። ውጤቱ ያው ነበር። ሶፍትዌሩ ለካ አንድ ጊዜ ያየውን ገጽ ጽሑፍ ከራሱ ጎተራ ውስጥ አስቀምጦ ኖሯል፤ ገጿ ከዓለም ብትጠፋም ከእሱ ሆድ አልወጣችም። ኮሚቴውም አዲስ ውሳኔ አስተላለፈ፤ ምንጩ አሁን ስለሌለ ባለቤትነቱን ማጣራት አልተቻለም፣ ስለዚህ ጉዳዩ ምንጩ እስኪገኝ ይቆይ። ከሁለት ያጣች ጎመን ሆኜ ወጣሁ።

ሶፍትዌሩን ወደሚያስተዳድረው የኮምፒውተር ባለሙያ ዘንድ ሮጥኩ። ጽሑፉን ካስቀመጠው ድምፁንም አስቀምጦት ይሆናል ብዬ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ከፍቶም አሳየኝ። ሁሉም አለ፤ እያንዳንዷ መስመር፣ እያንዳንዷ የጎደለች ቅንፍ። ድምፅ ግን የለም። «ድምፅማ ምን ያደርግለታል እህቴ፣ እሱ የሚፈልገው ፊደል ነው» አለኝና ወደ ሌላ በኩል ዞሮ ገመድ መነካካት ጀመረ። ገጿን ወደያዘልን ድርጅትም ጻፍኩ፤ ባለቤት በፈቃዱ ያጠፋውን እንደማይመልሱ፣ ስለተጠቀምኩባቸውም እንደሚያመሰግኑ መለሱልኝ። ባለቤት መሆኔን ያመነልኝ የመጀመሪያው አካል ያ ድርጅት ነው።

ያዳምጡን የነበሩትን ልጆች በየሄዱበት እየተከተልኩ ያወረዳችሁት ካለ ብዬ ለመንኩ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንዷ ስልኳ ላይ የቀረ ቁራጭ ላከችልኝ። በሩን ዘግቼ ከፈትኩት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማወራው እኔ ነኝ፤ ልጅቷ ለፈተና እንዲያጥርላት የእሱን ጥያቄዎች ቆርጣ አውጥታቸዋለች። ከኋላ፣ ራቅ ብሎ፣ ቶንዶስ ይሰማል። ከአባቴ የተረፈኝ እሱ ነው፤ የሰው ፀጉር ላይ የሚሄድ የቶንዶስ ድምፅ። አለቀስኩ። ክቡር ሰብሳቢ፣ በዚህ ዓይነት ደብዳቤ ላይ እንዲህ ማለት እንደማያምር አውቃለሁ፤ ግን አለቀስኩ፣ ዛሬም እያለቀስኩ ነው የምጽፍልዎ፣ የአባቴ ድምፅ ናፍቆኛል።

አምስተኛና የመጨረሻው ስለ እናቴ ነው። እናቴ አሁንም ከሰዓት በኋላ ልብሱን ከፊቷ ከምራ ስልኳን ታነሳለች። ገጹ አልከፈት ሲላት «ይሄ ኔትወርክ ደግሞ!» ትላለች። ወደ መስኮቱ ትጠጋለች፣ ስልኩን ከፍ ታደርገዋለች፣ አጥፍታ ታበራዋለች። ከሱቅ ስትመለስ እዚያ ማዶ ይሻል ይሆናል ብላ መንገድ ዳር ቆማ ስትሞክር ጎረቤት አይቷት ነግሮኛል። እኔ እስካሁን አልነገርኳትም። ለኮሚቴ፣ ለመዝገብ ቤት፣ ለዲኑ ቢሮ፣ ለማላውቀው የባሕር ማዶ ድርጅት ጽፌያለሁ፤ ለእናቴ የምነግርበት ቃል ግን አጣሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለማውጣት የደፈርኩትም እናቴ ስልኳ ላይ ከዚያች ገጽ በቀር ሌላ ምንም እንደማትከፍት ስለማውቅ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ ከባድ አይደለም። ወረቀቱን ቢሰጡኝም ባይሰጡኝም ግድ የለኝም ብል እዋሻለሁ፤ ለፍቼበታለሁ፣ እፈልገዋለሁም። ዛሬ የምለምንዎ ግን እሱን አይደለም። ኮሚቴው በቃል አጠቃቀም የታወቀ ነውና፣ ከአባላቱ አንዱ ቃለ ጉባኤውን ይዞ ቤታችን ይምጣና ለእናቴ ይንገርልኝ። ምንጩ እንደጠፋ፣ ጉዳዩ ምንጩ እስኪገኝ እንደሚቆይ፣ ሁሉም ነገር በደንቡ መሠረት እንደተፈጸመ፣ ልክ ለእኔ እንዳነበባችሁልኝ ያንብብላት። ከገባት እኔም በእጄ የሠራሁትን ከእሱ ቀጥዬ እነግራታለሁ። ካልገባት ደግሞ እንደገና በሌላ መንገድ ያስረዳት፤ እኛ ቤት የሚሠራው እንዲያ ነው።

ከጊዜዎ ላይ ይህን ያህል ስለወሰድኩ፣ እርስዎም ከእኔ ላይ ስለወሰዱት ሁሉ፣ ጎንበስ ብዬ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የኮሚቴው ትጋት አይጓደል፤ ኮራጅ ከደጃችሁ አይጥፋ፤ ወንበርዎም ይጽናልዎ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

በመዝገብ ቤት በሌላ ስም የምትታወቀው፣
ለራሷ የጻፈችው ፈቃድ ያልተፈቀደላት፣
የሟቹ ፀጉር አስተካካይ ልጅ

በኅዳግ፦ ይህን ጽፌ ፊርማዬን ካኖርኩ በኋላ እናቴ ስልኳን ይዛ ወደ ክፍሌ ገባች። በኔትወርኩ ላይ የሚያዘው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሄዳ ልትለምነው። ምን ልበላት፣ እርስዎን አስቤ «ትልቅ ሰው ነው እማዬ፣ በጣም የተማረ» አልኳት። ፊቷ በራ። «የተማረ ሰው ከሆነማ እንዲሁ አይተወውም፣ ያስተካክለዋል» አለችና ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰካችው።